ከአስቴር ጋር የተጋጠምኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ወር ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መዋል ያመጣው ነው ተብዬ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ለማሳጅ ተላክሁ። ባለሙያዋ ወጣት የቅባቱን ክዳን ከፈት ስታደርገው፣ ያ ዓይን የሚያቃጥል የሜንቶል ሽታ ክፍሉን ሞላው። እጇን ገና ሳታሳርፍብኝ ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ፣ “ያምዎታል እንዴ?” አለችኝ። ያመመኝ ትከሻዬ አልነበረም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦክስ ልጋጠም ስጠብቅ አንድ ሳምንት ሙሉ አብሮኝ የከረመው ፍርሃት ነበር ተመልሶ የመጣው።

የምንሠለጥነው ታችኛው ከተማ ሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች አንዲት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ስለነበረ፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት ከቀትር በኋላ እሷ ውስጥ መግባት እሳት ላይ የተጣደ ድስት ውስጥ ከመግባት አይለይም። ሰጋቱራ የጠቀጠቅንበት ጆንያ ከወራጁ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሪንጋችን ደግሞ በአራት የብረት ቋሚዎች ዙሪያ የተወጠረ ገመድ ነው። አሰልጣኛችን ጋሽ ዳንሳ በወጣትነቱ ለጦር ሠራዊት ቡድን ቦክስ የተጫወተ፣ አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ድምፁ ግን እንደ ሰባኪ ለስላሳ የሆነ ሰው ነበር። ለጉልበትም፣ ለራስ ምታትም፣ ለጉንፋንም የሚያውቀው መድኃኒት ያው አንድ የሜንቶል ቅባት ስለነበረ፣ ሁላችንም ማታ ማታ ቤታችን የምንገባው ያንኑ እየሸተትን ነው።

ከወንዶቹ መሀል ሴቶች እኔና አስቴር ብቻ ነበርን። አስቴር የምዕራብ ዓባያ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ፣ ጠዋት ጠዋት የአክስቷን ሙዝ ወደ ገበያ ታደርሳለች። ረጅም ናት፣ ግራኝ ናት፣ ስትስቅ ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፣ ከልምምድ በኋላም አንድ ማንጎ ለሁለት እየጋጥን እንሄዳለን። ታዲያ አንድ እሑድ ጋሽ ዳንሳ ላባችንን እየጠረግን ሳለ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው፣ “ቅዳሜ ሁለታችሁ ትጋጠማላችሁ፤ ጆንያ ስለማይመልስ ምንም አላስተማራችሁም” ብሎን ወጣ። እኔና አስቴር ተያየን። በዚያን ቀን ማንጎ አልገዛንም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰኞ አስቴር ወንበር ቀየረች። ማክሰኞ ሰላም ስላት አንገቷን ብቻ ነቀነቀችልኝ። የእሷ ዝምታ ከግራ እጇ ይልቅ አስፈራኝ፤ እንደምትጠላኝና ይህን ሁሉ ጊዜ ስታሳየኝ የነበረው ፍቅር እስከ ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ ራሴን አሳመንኩ። የግራ እጇም ቢሆን አልተወኝም። የኬሚስትሪ መምህራችን በግራ እጁ ሰሌዳ ሲያጠፋ አንገቴን ሰበር አደርጋለሁ፤ የባጃጅ ሾፌር በመስኮት ግራ እጁን ሲያወጣ ወደ ኋላ እላለሁ። የጥርስ መከላከያውን ላስቲክ በፈላ ውኃ አለስልሼ፣ እንደታዘዝኩት ነክሼ ቅርጽ ላስይዘው ብል፣ መንጋጋዬ ስለሚንቀጠቀጥ የጥርሴ ምልክት እላዩ ላይ ተደራርቦ ወጣ።

እናቴ ከተራራው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት። አማርኛን የተማረችው ከተማ ወርዳ አባቴን ካገባች በኋላ ስለሆነ፣ ስትናደድ የወንድና የሴት አጠራር ይደባለቅባታል። ላስቲኩን ከሻይ ማፍያዋ ውስጥ ስታገኘው፣ “አንተ ልጅ! አንድ ጠብታ ደም ይዘህ ወደዚህ ቤት ብትመጣ አለቀ! ሁለተኛ እዚያ አትሄድም!” አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን እንደ ፍርድ ሰማሁት፤ እናቴ ቃሏን አታጥፍም። ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት ስትመለስ አብረዋት የመጡት ጎረቤቶቻችን በአዘኔታ ሲያዩኝ፣ ስለ አፍንጫዬ በጉባኤ እንደተጸለየ ገባኝ።

አባቴ በሥራ ምክንያት ከጎጃም መጥቶ በዚያው የቀረ ጤና ረዳት ነበር፤ ዝምተኛ ሰው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ያቺ የምወዳት ኩርኩፋ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለችው የበቆሎ ድብልብል፣ ፊቴ ቀርባ ሳልነካት፣ ከሥራ መጣና በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኪሱ ፋሻ አወጣ።

“እጅሽን አምጪ” አለኝ።

ሰጠሁት። ቀስ ብሎ ይጠቀልል ጀመር። በሕይወቱ የሚያውቀው የተሰበረ እጅ መጠቅለል ስለሆነ ጠቀለለ፣ ጠቀለለ፣ ጣቶቼ እስኪጠፉ ድረስ ጠቀለለ።

“ጠበቀብሽ?”

“ኧረ ደህና ነው፣ አባዬ።” አንዱንም ጣቴን ማንቀሳቀስ አልችልም ነበር።

በብስክሌቱ ኮርቻ ጀርባ ጭኖኝ ወሰደኝ። አዳራሹ ደጃፍ ስንደርስ ግን አልገባም፤ “እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ” ብሎ ብስክሌቱን ይዞ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ቆመ። ጋሽ ዳንሳ እጄን ሲያይ፣ “ይሄ እጅ ለሆስፒታል እንጂ ለቦክስ አልተዘጋጀም” ብሎ እየሳቀ ፈታውና እንደገና አሰረልኝ። አስቴር ማዶ ጥግ ላይ ቆማ ጓንቷን ታያለች። እኔን አታይም።

በደወል ፈንታ የተሰቀለው ብረት ተመታ። የመጀመሪያውን ዙር አብዛኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ነገር አፍንጫዬ ላይ አረፈ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። “ዓይንሽን ክፈቺ፤ የሚመጣውን እዪው” ይላል ጋሽ ዳንሳ። ከፈትኩት። ያየሁት ግራ እጅ ሳይሆን የአስቴርን ፊት ነበር፤ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ዓይኗ ፈጦ፣ ልክ እንደኔ ትንቀጠቀጣለች። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ ጎኗን መታኋት፤ ትንፋሿ ህእ ብሎ ሲወጣ ደንግጬ እጄን አወረድኩና፣ “ይቅርታ! ይቅርታ አስቱዬ!” አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። “ይቅርታው ከደወሉ በኋላ!” አለ ጋሽ ዳንሳ፤ ያን ለስላሳ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አድርጎ። አስቴርም ሳቋ አምልጧት፣ እየሳቀች ደግማ አፍንጫዬን መታችኝ።

ሦስቱንም ዙር ጨረስን። ማንም አሸናፊ አልተባለም። ግድግዳውን ተደግፈን ወለሉ ላይ ስንቀመጥ፣ አስቴር ጭንቅላቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀብራ፣ “ካናገርኩሽ መምታት ያቅተኛል ብዬ ነው እኮ። ሳምንቱን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም” አለችኝ። መልስ ልሰጣት ስል አፍንጫዬ መድማቱን ያየነው ያኔ ነው። ነጭ ካናቴራዬ ላይ ወርዷል።

ብስክሌቱ ላይ ሆኜ ስንመለስ የማስበው እናቴን ብቻ ነበር። አባቴም ደሙን አይቷል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረች፤ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች። ፍርዱን ጠበቅሁ።

“ያቺኛዋስ ልጅ ደህና ናት?” አለች።

“ደህና ናት።”

“በይ አውልቂው። ደም ሳይደርቅ ነው በቀዝቃዛ ውኃ የሚታጠብ” አለችና ባልዲ ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች። ስለ ቦክስ በቤታችን ከዚያ በኋላ ክርክር አልተነሣም።

ሁለት ዓመት ያህል ተጫወትኩ፤ ሻምፒዮን አልሆንኩም፣ ልሆንም አልችልም ነበር። አስቴር ወደ ሐዋሳ ሄደች፤ ለተወሰነ ጊዜ ስልክ እንደዋወል ነበር፣ ቁጥሯ ሲቀየር በዚያው ተጠፋፋን። ጋሽ ዳንሳ አርፏል። አዳራሿ ፈርሳ ቦታው ላይ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ተሠርቷል፤ አንድ ጊዜ ሚስማር ልገዛ ገብቼ፣ ሪንጋችን የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት ስዞር ሻጩ “ምን ጠፍቶብዎት ነው?” ብሎኛል። አባቴን የቀበርነው አምና ነው። እናቴ ከእኔ ጋ ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ አንዳንድ ቀን ማን እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ብዙ ፈርቻለሁ፤ በምጥ፣ በሆስፒታል ኮሪደር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚጮህ ስልክ። ግን ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ብቻዬን ነው የምፈራው፤ ሌሎቹ እኔን እያዩ እንዲጽናኑ ፊቴን አስተካክዬ። ያኔ ግን ለአንዲት ልጅ አፍንጫ ተብሎ አባቴ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ እናቴ ጉባኤውን ሁሉ አንበርክካ፣ ልትመታኝ የተዘጋጀችው ልጅ እንኳ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ስለ እኔ ፈርቶ እንደነበር የገባኝ፣ የሚፈራልኝ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።