የሌባው ዶቃ

ባለፈው ወር ልጄ «ይህ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ካልተለሰነ እንግዳ ይዤ አልመጣም» ብሎ ሁለት ሠራተኞች ላከብኝ። እኔም በርጩማዬን ግቢ አውጥቼ፣ አንድም ቀን ሠርቼው የማላውቀውን ሥራ ሳዝዝ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የጓዳውን በር መቃን ነቅለው አሮጌውን ምርጊት ሲያራግፉት፣ ጭድ ጭድና ጥላሸት ጥላሸት የሚሸት አቧራ ቦነነና ከመካከሉ ሽንብራ የምታህል ሰማያዊ ነገር ተንከባላ እግሬ ሥር ቆመች። ሠራተኛው አነሣትና «አባባ፣ ክኒንዎ ወድቃ ነው» ብሎ በክብር አቀበለኝ። መነጽሬን ስፈልግ ቆይቼ፣ ለካ አፍንጫዬ ላይ ኖሯል፣ አየኋት። ክኒን አይደለችም። መሐሏ የተበሳ የብርጭቆ ዶቃ ናት፤ እዚያ ግድግዳ ውስጥ የወሸቅኋትም እኔው ነኝ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሌባ ሳለሁ።

ጊዜው የደርግ ነበር። በዚያ ሰሞን ከአዲግራት በኩል ተዛውራ ደብረ ታቦር የመጣች ለተማርያም የምትባል የሒሳብ አስተማሪ ከግቢያችን የዳሯን ክፍል ተከራየች። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ የጉና ብርድ ሲወርድ ሁለት ጋቢ ደርባም የምትንቀጠቀጥ ሴት ነበረች፤ እኛ እትዬ ለተ እንላት ነበር። ሳምንት ሳይሞላት መንደሩ ካቶሊክ መሆኗን ደረሰበት። በእኛ ሰፈር ካቶሊክ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ያስረዳ ነበር። እኔም ዳዊት ስለደገምኩ ሊቅ የሆንኩ መስሎኝ፣ «ፀረ ማርያም ናቸው» ብዬ ለእናቴ አስረዳኋት። እናቴ በየወሩ በሃያ አንድ የእመቤታችንን ጽዋ የምትጠጣ ሴት ናትና ክው አለች።

«ስሟ ለተማርያም ሆኖ?»

«እሱማ ለማታለል ነው» አልኳት፣ ያለ አንዳች እፍረት።

እናቴ ግን የሰው ወሬ ቀርቶ የሊቅ ልጇንም ቃል ሳታጣራ የምትቀበል አልነበረችም። አንድ ምሽት ጆሮዋን ከግድግዳው ለጥፋ እትዬ ለተ ስትጸልይ አዳመጠች። ሰላም ለኪ ማርያም፣ ደግሞ ሰላም ለኪ፣ ደግሞ ሰላም ለኪ… ሠላሳ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋባት። ተመልሳ መጥታ ጆሮዬን ይዛ፣ «አንተ የሊቅ ቁራጭ፣ እኔ በወር የማልጠራትን ያህል በአንድ ምሽት ጠራቻት እኮ!» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ለተ ከቤታችን ድንችም፣ የገብስ ቆሎም፣ «አንቺ ልጅ» የሚል ቁጣም ሳይቀርባት ኖረች።

እኔም ከተዋረድኩ አይቀር ልማር ብዬ ደጃፏ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ድንች እየላጠች እንደ ሒሳብ ቀመር ነበር የምታስረዳኝ። መቁጠሪያዋ ሰማያዊ የብርጭቆ ፍሬዎች በክር የተሰኩበት፣ ጫፉ ላይ መስቀል ያለው ነበር። መስቀሉ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ትልልቆቹ ላይ አቡነ ዘበሰማያት፣ ትንንሾቹ ላይ ሰላም ለኪ ይባላል፤ በየአሥሩም የደስታውን፣ የኀዘኑን ወይም የክብሩን ምሥጢር ያስባሉ። ጠቅላላው አምሳ ዘጠኝ። የሮማው ፓፓ አይሳሳትም ትላላችሁ አሉ፣ ብዬ ላጠምዳት ስሞክር፣ «የሃይማኖት ትምህርት ሲያውጅ ነው እንጂ፣ ጫማውን ሲያስርማ እንዳንተው ይሳሳታል» አለችኝ፤ እኔም ቀኝና ግራ አቀያይሬ ያጠለቅሁትን ጫማ ቶሎ ከበርጩማው ሥር ደበቅሁ። ስለ መንጻት ስፍራ ስጠይቃት ደግሞ፣ ሰርግ ቤት የሚገባ ነጠላ መጀመሪያ በእንዶድ አይታሽም ወይ፣ ነፍስም ወደ ሰማይ ሰርግ ከመግባቷ በፊት እንደዚያው ናት አለችኝ። በልቤ ለእኔ የሚበቃ እንዶድ በደብረ ታቦር ገበያ ይገኝ እንደሆነ አሰላሁ።

ከሁሉ ያስቀናኝ ኑዛዜያቸው ነበር። ቄሱ ሣጥን በመሰለ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ በመካከል ወንፊት የመሰለ እንጨት አለ፣ ተናዛዡ ከወዲያ ማዶ ሆኖ ያንሾካሹካል፤ ማን እንደሆነ ላይታይ ይችላል። እግዚአብሔር የባረከው ፈጠራ! የእኛ የንስሐ አባት አባ ይትባረክ ግን አናዝዘውኝ ሲያበቁ ከእኛው ገበታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ምሥጢር አያወጡም፣ ነገር ግን በጾም ቅቤ ልሼ የተናዘዝኩ ሰሞን የቅቤውን ቅል እንደ ዋዛ ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉት ነበር። እትዬ ለተ ኑዛዜ ሦስት እግር አለው ትላለች፤ ማዘን፣ መናገር፣ መካስ። አንዱ ከጎደለ እንደ ተሰበረ በርጩማ ነው።

ያን መቁጠሪያ ለማን እንደምትቆጥር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ታናሽ ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ደብዳቤው ከተቋረጠ አምስት ወር ሆኖት ነበር። እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር፣ እሷ በጋቢዋ ውስጥ ስለ ወንድሟ ትቆጥራለች፤ የካድሬው ንግግር ሦስት ዙር መቁጠሪያ ይፈጅ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የሰረቅሁት። እኛ ብይ የምንጫወተው በእምቧይ ፍሬ ነበር፤ ሁለቴ ሲመታ ይፈርጣል። እኔ ደግሞ በሰፈሩ የታወቅሁ ተሸናፊ ስለነበርኩ፣ ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የእምቧዩ ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን እትዬ ለተ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ገባሁ፣ መቁጠሪያውን አነሣሁ፣ ክሩን በምላጭ በጠስኩ፣ መስቀሉን በፍርሃት ትራሷ ሥር መለስኩ። ሜዳው ላይ ሰማያዊውን ብርጭቆ ስዘረጋ ልጆቹ ሁሉ እንደ ንብ ከበቡኝ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሰይድ ብቻ አንዷን አገላብጦ አየና፣ «ይሄማ የጸሎት ነው፤ አባቴም አለው። እኔ አልጫወትበትም» ብሎ ሄደ። እኔ ተጫወትኩ። እስከ ማታ ድረስም አምሳ ስምንቱን ተበላሁ፤ ግማሹ በድንጋይ ተፈነካክቶ፣ ግማሹ በልጆች ኪስ ሄደ። ጥፋቱ የእምቧዩ እንዳልነበረም ታወቀ። አንዷ ብቻ እጄ ላይ ቀርታ የጓዳችን ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቅኋት።

እትዬ ለተ ሦስት ቀን ፈለገች። ፍራሿን አራገፈች፣ አመዱን በወንፊት ነፋች። እናቴ ሌባውን በስም ሳታውቀው ስትራገም፣ እሷ «ተዪው እናቴ፣ የወሰደውንም እግዜር ይባርከው» አለች። እርግማኑን እችለው ነበር፤ ምርቃቱ ነው ያቃጠለኝ። እሑድ ስብሰባው ላይ ደግሞ ሳያት፣ ባዶ አውራ ጣቷ በጣቶቿ አንጓ ላይ ይሄዳል። መንገድ ላይ ይሳሳትና እንደገና ይጀምራል። ያ ወንድሟ ጦር ሜዳ ላይ ቢሞት የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ።

በማግስቱ ወደ አባ ይትባረክ ሄጄ ተናገርኩ። ወንፊት የለም፣ ሣጥን የለም፤ ጺማቸው እዚህ፣ አፍንጫዬ እዚህ። ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ካቶሊክ ናት ብለህ ነው የደፈርካት?» አሉ።

«አይደለም አባ። ሰማያዊ ስለሆነ ነው።»

ለሰባት ቀን በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ፤ ከዚያ ሌላ ካሣ አለብህ ብለው ለአዲስ መቁጠሪያ የሚሆን የወይራ ፍሬ ከእንጨት ሲጠርቡ፣ እኔ በጋለ ወስፌ ስበሳ ሁለት ሳምንት አለፈ። እስካሁን አውራ ጣቴ ላይ ጠባሳው አለ። ሊሰኩት ሲሉ ለማን እንደሚቆጠር ጠየቁኝ። ለእመቤታችን አልኳቸው።

«እንግዲያ ስልሳ አራት ነው፤ በዕድሜዋ ልክ።»

«የእነሱ አምሳ ዘጠኝ ነው አባ።»

«አንተ ሌባ ነህ እንጂ መምህር አይደለህም» አሉና ስልሳ አራቱንም ሰኩት።

ደጃፏ ላይ ቆመን እሳቸው በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጉኝ፣ የጥጃ በመሰለ ድምፅ «እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ሁሉም ጠፋ፣ አንድም አልቀረም አልኩ። በኑዛዜዬ መካከል ዋሸሁ ማለት ነው። እሷ የወይራውን መቁጠሪያ ተቀብላ፣ የሒሳብ አስተማሪ አይደለች፣ ቆጠረችው።

«አባ፣ አምስት ተርፏል።»

«ለእመቤታችን ደግሞ ትርፍ የሚባል አለ?»

ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ እየሳቀች እንባዋን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ አምስቱን አንድ በአንድ በጣቷ ይዛ አከፋፈለቻቸው። አንዷ ለእናቴ፣ አንዷ ለአባ፣ አንዷ ለወንድሟ፣ አንዷ በመንጻት ስፍራ ሆነው የሚጸልይላቸው ሰው ለሌላቸው ነፍሳት። እዚህ ላይ አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ከገነትና ከሲኦል ሌላ ሦስተኛ ቤት የት ተሠርቶ?» ሊሉ ነበር፣ ተዉት። ስልሳ አራተኛዋን ያዘችና አየችኝ። «ይቺ የሌባዬ ናት» አለች።

ከፋሲካ በኋላ የወንድሟ ደብዳቤ መጣ። እጁ ቆስሎ ሆስፒታል ከርሞ ኖሯል። እናቴ ለእመቤታችን፣ አባ ለወይራው ምስጋናውን ሲሰጡ፣ እኔ ደግሞ ለስግደቴ ሰጠሁ፤ እስከ ዛሬም ይህን ሐሳብ አልለወጥኩም። በዓመቱ እትዬ ለተ ተዛወረች። አውቶብሱ ሲነሣ መቁጠሪያውን በመስኮት አውጥታ የመጨረሻዋን ፍሬ አሳየችኝ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ እኔ ጽሕፈቴ ያምር ዘንድ እስክለማመድ እያልኩ ሳልመልስ ቀረሁ። ይኸው እየተለማመድኩ ነው።

አባ ሞቱ፤ እናቴም ሞተች። የወንድሟን መጨረሻ አላውቅም፤ የእሷንም። የሚጸልይላቸው የሌላቸው ነፍሳት የት እንዳሉ እኔ አልናገርም፤ እንዶድ መኖሩን ግን በዚህ ዕድሜዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከአምስቱ ባለ ዶቃዎች መኖሩን በእርግጥ የማውቀው የሌባውን ብቻ ነው፤ እሱም ካሣውን አልጨረሰም።

ሠራተኛው «አባባ፣ ስንጥቁን እንድፈነው?» ሲለኝ፣ ቆይ አልኩት። ዶቃዋን በሁለት ጣቴ ይዤ ለእትዬ ለተ አንድ ሰላም ለኪ ደገምኩ። ሁለተኛውን ልቀጥል ጣቴን ሳንቀሳቅስ፣ የሚቀጥለው ዶቃ አልነበረም።