መተንፈሻ የሌለው ሳጥን

አሰብ ላይ የሚዘጋ ነገር አልነበረም። መስኮቱ ክፍት፣ በሩ ክፍት፣ አልጋው ደጅ። የታፈነ ነገር ሁሉ በሙቀቱና በባሕሩ እርጥበት ወዲያው ይሻግታል። ጎረቤታችን የነበሩት አናጢ፣ እዚያው ተወልደው ያረጁ ሽማግሌ፣ ቁም ሳጥንም ይሥሩ የዱቄት ሳጥን፣ ከጀርባው መተንፈሻ ቀዳዳ ሳይበሱለት ከእጃቸው አይወጣም ነበር። ጉንዳን እንዳይገባ ደግሞ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑታል። የሰርጌ ልብስ ሳይሻግት የቆየልኝ በዚሁ ደግነታቸው ነው።

ባለቤቴ ከአሰብ አዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መስኮት ከፍቶ በሞተር ጩኸት ውስጥ ሲነዳ ጆሮው ደከመ። እሱ ግን ሞቶ አያምንም። "ዘንድሮ ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ ጀምሯል" ይላል። ራት ቀርቧል ብዬ ሰፈሩ እስኪሰማ ስጠራው፣ "ምን ያስጮህሻል?" ብሎ ይቆጣኛል።

እኔም እስቅበት ነበር፤ ረዳቱ ጉዱን እስኪነግረኝ ድረስ። ረዳቱ የልጆች አባት፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ ገላውን እስኪታጠብ ጠብቆ ጠጋ አለኝና፣ "እትዬ፣ ጋሼ እኮ መዝፈን ትተዋል" አለኝ።

"ተገላገልክ በለኛ!" አልኩት። የባለቤቴን ድምፅ የሚያውቅ አይፈርድብኝም።

"እሱስ ባልከፋ። ካሴቱን አይሰሙትም። ካሴቱን ካልሰሙ አይዘፍኑም፤ ካልዘፈኑ ደግሞ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ባለፈው አፋር በረሃ ውስጥ ከማንዳ ስንወርድ አንቀላፉ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

ሳቄ ደረቀ። ያን መንገድ አውቀዋለሁ። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፣ ደህናውንም ሰው ያፈዘዋል።

ረዳቱ መላ ይዞ ነበር የመጣው። ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ያገኘው ሰፊ ስፒከር አለው። "ይሄ የሚሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም፣ በደረትም ነው። ግን አየር ጠብ የማያደርግ ሳጥን ይፈልጋል፤ ካመለጠው ድምፁ ባዶ ይሆናል" አለኝ። ለባለቤቴ ስለ ጆሮው ባነሳ እንደማይቀበለኝ ስለማውቅ፣ "ወጣት ሾፌሮች ሁሉ ባስ የሚመታ ስፒከር አስገጥመዋል፤ አንተ ከማን ታንሳለህ?" አልኩት። ነገሩ ከነከነውና እሺ አለ።

አናጢው ወፍራም ኮምፔንሳቶ ቆርጠው፣ በኮላ አጣብቀው፣ በብሎን አስረው፣ ከጋቢናው ወንበር ጀርባ ልክክ የሚል ሳጥን ሠሩልን። ሲያምር! ረዳቱ ሽቦውን ቀጥሎ ካሴቱን ከፈተ። ድምፁ ጣሳ ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስል ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ያፏጫል። ባለቤቴ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ጠበቀ። "ምንም የለም" አለ ቀስ ብሎ። ጆሮው እንደከዳው ያን ጊዜ ለራሱም የገባው ይመስለኛል።

ከዚያ ደሜ ፈላ። ሳጥኑን አስወርጄ ሳገላብጠው፣ ከጀርባው አራት ቀዳዳዎች በጥንቃቄ ተበስተዋል። በላያቸው ወንፊት ሽቦ።

"ጋሼ! ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው አናጢውን።

"መተንፈሻው ነዋ፣ ልጄ።"

"አየር እንዳያስወጣ ብለን አልነበረም?"

"ብላችኋል። ግን ወላሂ አሳዘነኝ። በዚህ ሙቀት ታፍኖ እንዴት ይዘፍናል?"

ምን ብዬ ልቆጣቸው? በሳቅ ፈረስን። ባለቤቴ "ምን አሉ?" ብሎ ከጠየቀ በኋላ ዘግይቶ ለብቻው ሳቀ።

ሽማግሌው ቀዳዳዎቹን በእንጨት ደፈኑ። መጋጠሚያውን ሁሉ የራሔይታ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን በሚለቀልቁበት ሬንጅ ከውስጥ ቀቡት። የቀረው ፈተናው ነው፤ እሳቸው ስፒከሩን በመዳፋቸው ገፋ ሲያደርጉ እኔ የተለኮሰ ክብሪት በመጋጠሚያው ዙሪያ አዞራለሁ። እሳቱ ካልተርገበገበ አየር አያመልጥም ማለት ነው። ደጅ እንዳንሞክረው የአሰብ ነፋስ ክብሪት አያስጭርም። ስለዚህ ሳጥኑን ቤት አስገብተን በሩንም መስኮቱንም ጠረቀምነው፣ በቀትር!

ወዲያው በሩ ተደበደበ። ጎረቤቶቼ የተዘጋ ቤት አይተው ሰው ሞተ ብለው ነጠላ አዘቅዝቀው መጥተዋል። በላብ ተጠምቄ ስከፍትላቸው ለቅሶ ሊጀምሩ ምንም አልቀራቸውም። "ኧረ ደህና ነን፣ ስፒከር እየፈተንን ነው!" አልኳቸው። አንዷ አላመነችኝም፤ ገብታ ባለቤቴን ነካ ነካ አድርጋ ሄደች።

እሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሳጥኑ ጋቢና ተመልሶ ካሴቱ ሲከፈት ባለቤቴ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለጠፈ። "እየመታኝ ነው" አለ፣ ዓይኑ ፈጦ። ጣቶቹ መሪውን መምታት ጀመሩ። ቀጥሎ አፉ ተከፈተ። ያ አስቀያሚ ድምፅ! የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ጭራሽ ብሶበታል። ቆሜ አለቀስኩ። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

በማግስቱ ጭነው ወጡ። እስኪመለሱ ድረስ እህል አልበላልሽ አለኝ። ሲመለሱ ቀድሞ ከጋቢናው የወረደው ረዳቱ ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ምነው? ምን ሆናችሁ?" አልኩት።

"እትዬ፣ በፈጠረዎት አንድ ይበሉልኝ! ከማንዳ እስከ ሚሌ አፋቸውን አልዘጉም። ቅም የሚል እንቅልፍ አልተኛሁም!"

አቅፌ ግንባሩን ሳምኩት።