አፌን የከፈትኩበት ቅዳሜ

ስጽፍ ማንም ሰው «ምን አልሽ?» አይለኝም። ይህን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ ካወቅሁ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። የዘጠነኛ ክፍል የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለልጆቹ ሁሉ ያነበቡ ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የገባሁት። የመንገዱ ሰው አብዳለች ሳይል አይቀርም። ስለዚህ ያንን ክፉ ዓመት ዛሬ ልጽፈው ነው። አሁን ስጽፈው ደስ ይለኛል እንጂ፣ ያኔስ ምንም ደስ የሚል ነገር አልነበረውም።

የተወለድኩት የላይኛው ከንፈሬና ላንቃዬ ተከፍሎ ነው። ሕፃን ሳለሁ ተሰፋሁ። ከንፈሬ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ድምፄም በአፍንጫዬ መውጣቱን አልተወም። የሰፈር ልጆች «ፎንፋናዋ» ይሉኛል፤ ስሜን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝም ነበር። አቃቂ ያለው ትምህርት ቤቴም ንግግሬን ሰምቶ የልዩ ፍላጎት ክፍል አስገባኝ። እዚያ መስማት የተሳናቸው ልጆች ነበሩ፣ ትምህርት ቶሎ የማይገባቸው ነበሩ፣ እኔ ነበርኩ። መምህርታችን ደግ ናት፤ ግን ለሁላችንም የምታስተምረው አንድ መጽሐፍ ነው፣ የሁለተኛ ክፍል። እኔ እሱን በቃሌ ጨርሼ የመስኮቱን ፍርግርግ ሳይ እውላለሁ። ግድግዳው ማዶ እኩዮቼ ስድስተኛ ክፍል ይማራሉ፤ ሲስቁ ይሰማኛል።

አንድ ቀን መምህርታችን እናቴን አስጠራቻት። ውጭ አገር ሆስፒታል የምትሠራ ሀበሻ የንግግር ባለሙያ ተገኝታለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅዎን በኢንተርኔት ታስተምራታለች አለቻት። ባለሙያዋ ለውጥ አለ ካለች ወደ መደበኛው ክፍል እዛወራለሁ። ትምህርት እስኪዘጋ ለውጥ ከሌለ ግን ተራዬ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፣ እኔም እዚያው እቀራለሁ።

ኢንተርኔት ቤቱ ቃሊቲ ነው፣ ባቡሩ የሚያበቃበት ጋ። ባለቤቱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከፊት ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣሉ፣ ከኋላ ኮምፒውተር ደርድረዋል። ተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እናቴ ከምትሠራበት ክር ፋብሪካ ወጥታ፣ ታጥባ፣ የክት ነጠላዋን ለብሳ መጣች። እኔንም ነጠላ አለበሰችኝ። ባለሙያዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል እናቴ ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

«እንደምን ዋሉ ዶክተር።»

«ዶክተር እንኳን አይደለሁም። ይቀመጡ እናቴ፣ አሁን የሚታየኝ መቀነትዎ ብቻ ነው።»

«ኧረ ግድ የለም፣ ቆሜ ልስማ።»

ባለሱቁ ከኋላችን ሆነው ሳቁ። «እትዬ፣ ካሜራው ለቁመት አልተሠራም» አሏት።

ተቀመጠች። ባለሙያዋ ላንቃዬን ማየት ፈለገች፤ አፌን ከፍቼ፣ ምላሴን አውጥቼ «አ» እንድል ጠየቀችኝ። ልከፍት ስል እናቴ በጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። በእኛ ቤት ታላቅ ፊት አፍ አይበረገድም። ነጠላን ወደ አፍ ጠጋ፣ ዓይንን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ነው መልስ የሚሰጠው። ለእኔ ደግሞ በጠባሳዬ ምክንያት ይህ ደንብ እጥፍ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሸፈን አድርጊው» እባላለሁ።

«ዛሬ እንኳ ይቅርባት ዶክተር፤ ገና መተዋወቃችን ነው» አለች እናቴ።

ባለሙያዋ አላስገደደችንም። «እሺ። ስፌቱ ድኗል? ምንም ችግር የለም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምንም አንል።»

ሻይ ስጠጣ በአፍንጫዬ እንደሚመለስ እናቴ ታውቃለች። ግን ስለ ጤና የጠየቀሽን ሰው ታመሰግኛለሽ እንጂ፣ ይህን የመሰለ ነገር አውጥተሽ አታወሪም።

የሰጠችኝ ልምምድ ቀላል ነበር። ሶፍት ቀዶ ከአፍ ፊት ይዞ «ፓ» ማለት፤ ትንፋሹ በአፍ ከወጣ ሶፍቱ ይርገበገባል። የእኔ ሶፍት ግን አልነቃነቅም አለ። ከመኝታዬ ስነሳ «ፓ»፣ ልብስ ሳጥብ «ፓ»፣ ሽንት ቤት ተደብቄ «ፓ»። ትንፋሼ በአፍንጫዬ ሾልኮ ይጠፋል። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እሞክራለሁ።

«አንቺ ነሽ የማትፈልጊው» ትለኛለች እናቴ፣ እግሯን ሞቅ ባለ ውኃ ነክራ። «ሰው ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር ቆሞ ላንቺ ይለፋል፣ አንቺ አንድ ሶፍት አታንቀሳቅሺም።»

ሶፍቱን አንስቼ እንደገና «ፓ» እላለሁ። ብመልስላትስ ማን ይሰማኛል።

ቅዳሜዎቹም እንደዚያው አለፉ። አንዱን ቅዳሜ መብራት ይሄዳል፣ ሌላውን ኔትወርክ የለም። ሲኖርም የባለሙያዋ ፊት ካሬ ካሬ ሆኖ ይበታተናል። እኔንም እንደዚያው ነው የምታየኝ። «ድምፅሽ ይታፈናል» ትላለች፤ ባለሱቁ ማይክራፎን ይቀይራሉ። «ነጠላውን ዝቅ ታደርጊልኛለሽ?» ትላለች፤ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ከኋላችን ሰው ሲያልፍ እናቴ መልሳ ታስጠጋልኛለች። ሁላችንም ኢንተርኔቱን ረገምን።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ መስመሩ ከመቼውም ይልቅ በጠራበት ቅዳሜ፣ ባለሙያዋ እናቴን አነጋገረቻት።

«እናቴ፣ አዝናለሁ። የምሰማው ለውጥ የለም። ከትምህርት ቤታችሁ ሌላ ልጅ እየጠበቀች ነው።»

«እሺ ዶክተር። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ደክመውልናል።»

እናቴ ተነስታ መቀነቷን አጠበቀች። እኔ አልተነሳሁም። የመስኮቱ ፍርግርግ ታየኝ፣ ያ መጽሐፍ ታየኝ። እጄ ራሱ ነጠላዬን ከአፌ ላይ ጎትቶ ጭኔ ላይ ጣለው። ካሜራው ላይ ልለጠፍ ትንሽ እስኪቀረኝ ተጠግቼ «እዩልኝ» አልኩና አፌን ከፈትኩ።

«ምነው ልጄ፣ በሰው ፊት» አለች እናቴ።

ባለሱቁ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው ወደ ላንቃዬ ያዙት። ባለሙያዋ አትንቀሳቀስም፤ ኔትወርኩ የቆመ መሰለኝ። ኋላ ላይ ዓይኗ ሲርገበገብ አየሁ።

«ስትጠጪ በአፍንጫሽ ይወጣል?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ቀዳዳ አለ። ስፌቱ ከኋላ አልገጠመም። ዓመት ሙሉ ብትለማመጂም ትንፋሽሽ በዚያ ነው የሚያመልጠው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ሰምተሽኛል?» ወደ እናቴ ዞረች። «አሁን የሚያስፈልጋት እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ አልዋሽዎትም። ለመምህርቷ ግን ዛሬውኑ እደውላለሁ። የላንቃ ቀዳዳ ከመማር አያግዳትም፤ የዚህች ልጅ ቦታዋ መደበኛው ክፍል ነው።»

መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ሽንት ቤት ውስጥ ያልኳቸውን «ፓ»ዎች ብቻ ነበር።

እናቴ የባለሱቁን ስልክ ተቀበለቻቸው። አገጬን በእጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችና አፌ ውስጥ አየች። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ከኋላችን ቆመዋል፤ ዞር ብላም አላየቻቸውም። ከተሰፋሁ ጀምሮ አይታው አታውቅም ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ተቀምጣ ለባለሙያዋ ሁሉን ትነግራት ጀመር፤ የሻዩን፣ ሕፃን ሆኜ ወተቱ ያንቀኝ የነበረውን፣ ጎረቤት እንዳያይ በር ዘግታ ታጠባኝ እንደነበር። መሃል ላይ ስክሪኑ ጠቆረ።

«እትዬ፣ ተቋርጧል» አሏት ባለሱቁ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ» አለች፣ የስልኩን ባትሪ ሳታጠፋ። መናገሯንም አላቋረጠችም።