ባልዲ ያላነሳ

ማንበብ የተማርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ተብሎ ቀበሌው ሲያሳድደን አጥር ዘልዬ ጠፋሁ። ኋላ ግን አንድ መጽሐፍ ማንበብ አማረኝና በገዛ ፈቃዴ፣ ማታ ማታ፣ የሕፃናት ወንበር ላይ ተጣጥፌ ፊደል ቆጠርኩ። መጽሐፉን ከአዟሪ ገዛሁት። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እያላበኝ አነበብኩት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ የደራሲው ፈጠራ ናቸው፣ በሕይወት ካለም ሆነ ከሞተ ሰው ጋር አይገናኙም ይላል። በዕድሜዬ ከመጽሐፍ ላይ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው።

መጽሐፉ መጀመሪያ የሬዲዮ ድራማ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ እሑድ እሑድ ይተላለፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ሬዲዮ የነበረው ሰው ያስታውሰዋል። ቤት እያከራየች የምትኖር አንዲት ባልቴት አለች። ተከራዮቿን ታንቀጠቅጣለች፤ ሴት ልጇን ሊያገባ የመጣውን ወንድ ሁሉ ውሃ አሸክማ ታባርራለች። አገር የሳቀባት ሴትዮ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰፈሩ እናቴን በዚያ ስም ሲጠራት የኖረው ይበቃል።

ያቺ ሴትዮ እናቴ ናት።

ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው። አባቴ ሲሞት የቀረልን የጭቃ ቤት ሲሆን እናቴ ከጀርባው ክፍሎች ቀጥላ ታከራይ ነበር። እኔ ብሎኬት ማምረቻ እሠራለሁ፤ ታናሽ እህቴ ሹራብ ፋብሪካ። ድራማውን የጻፈው ከእኛ ክፍል በቺፕውድ ብቻ ተለይቶ የሚኖር ተከራይ ነው። አስተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ሰላምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የሌለው ልጅ። ቺፕውዱ በሁለቱም በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበታል። እኔ በዚህ በኩል ከጋዜጣው ጋር ተፋጥጬ አንድ ፊደል ሳልለይ እተኛለሁ። እሱ በዚያ በኩል ጆሮውን ሰጥቶ እናቴን ይጽፋል።

ለመጻፍ አላስቸገረችውም። እናቴ ዝም ማለት የማትችል ሴት ነበረች። ከዶሮ ትጣላለች፣ ከጭስ ትጣላለች፣ ከሞተው ባሏ ጋር ሳይቀር ትጣላለች። አንድ ቀን እህቴን የሚፈልግ ሙሉ ልብስ የለበሰ ልጅ ግቢያችን ድረስ መጣ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወደ ቦኖ ልትወርድ ጀሪካን ይዛ ነበርና «ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ይቺን አግዘኝ» አለችው። ልጁ ጫማውን አየ፤ ጭቃውን አየ። የሚሸከም ሰው ልጥራልዎት ወይ አላት።

«ተወው» አለችው። «ባልዲ ያላነሳ ሬሳ አያነሳም።»

ጀሪካኗን አንጠልጥላ ሄደች። ልጁም በዚያው ቀረ። ለሚስቱ ውሃ ያልተሸከመ ባል ቀኗ ሲደርስም ቃሬዛዋን አይሸከምም ማለቷ ነው ብለን ሳቅን። ተከራዩም በቺፕውዱ ማዶ ሰምቷል።

ድራማው የጀመረ ዕለት ግቢው በሙሉ በእኛ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰበሰበ። የተዋናይዋ ድምፅ ጎርነን ያለ ነው፤ አነጋገሩ ግን የእናቴ ነው፣ ትንፋሽ መውሰጃው ሳይቀር። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። «ይቺ ሴትዮ አፏ አያርፍም» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ያን ጊዜ ቀና ብላ ተከራዩን አየችው።

«ሽሮዬን ስትበላ ዝም የምትለው ለዚህ ኖሯል?»

የልጁ ጆሮ ቀላ። እሷ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልተቀየመችም። እንዲያውም እሑድ ሲሆን ድምፁን ጨምሩልኝ ትል ነበር። የባልዲዋ ነገር ስትመጣ ብቻ ከምስሩ ላይ እጇ ይቆማል። አያለሁ፤ ግን የእናት እጅ ሲቆም ማን ልብ ይላል።

ከዚያ በኋላ ያቺ አባባል የአገር ሆነች። ታክሲ ውስጥ ወያላው ይላታል፤ ሥራ ቦታ ብሎኬት የሰበረ ሰው ላይ ትወርዳለች። ቦኖ ላይ ወረፋ የያዙት ሴቶች እናቴን ባዩ ቁጥር «እትዬ፣ ዛሬ አማች ሳይዙ መጡ?» ይሏታል። ተከራዩ ስሙ ገነነና መካኒሳ የተሻለ ቤት አግኝቶ ለቀቀ። እኛ ቦኖው ላይ ቀረን።

በዚህ መሀል እህቴ ሰው አገኘች። ጎሚስታ ነው፤ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ጎማ ይጠግናል። እጁ ሁልጊዜ ጥቁር፣ ንግግሩ ጥቂት። መጀመሪያ ቤት የመጣ ቀን ማንም ሳይጠይቀው በሩ ላይ የነበሩትን ሁለት ጀሪካኖች በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ገባ። እናቴ ከኋላው እያየችው «ይኼስ ያነሳል» አለች። በእሷ ቤት ከዚህ በላይ ምርቃት የለም። እህቴ ሠላሳ ሊሞላት ነበር፤ በእኛ ሰፈር ለሴት ይህ ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ አላብራራም። ይህ ከቀረ ሌላ እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሽማግሌዎች መጡ። በወጉ ቀጠሮ ሰጠናቸው። በቀጠሮው መሀል ግን ጎሚስታውን ያሳደገችው አክስት ብስራተ ገብርኤል ተቀምጣ የልጅቱ እናት ማን እንደሆነች ሰማች። ድራማውን አንድም እሑድ አታሳልፍም ነበር። ያሳደግኩትን ልጅ ለዚያች ሴትዮ ውሃ አሸካሚ አላደርግም አለች አሉ። ልጁ እናት የለውም፤ ከእሷ ቃል አይወጣም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ነበሩና ነገሩን አለዘቡት፦ ደራሲው ራሱ መጥቶ ይንገረን፤ ሴትዮዋ ፈጠራ ከሆነች አክስቲቱን እኛ እናሳምናታለን አሉ።

መካኒሳ ሄጄ አገኘሁት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ አልጋው ላይ መጽሐፍ ተከምሯል። ነገሩን ስነግረው አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እሳቸውን ባልሰማ ዛሬም አስተማሪ ብቻ ነበርኩ።»

«እሱን ለሌላ ቀን አቆየው። እሑድ መጥተህ ካዳት።»

«ልካዳቸው?»

«ከነቃሏ። ከራሴ ነው ያወጣሁት በል። አለዚያ እህቴ ቤት ቀረች።»

እሺ አለ። እህቴ ደግሞ ቅዳሜ የእናቴን ፀጉር እየሠራች ለመነቻት። ለአንድ ቀን ብቻ ዝም እንድትል፤ ምንም ቢባል። እናቴ አፌን ስፊውና ገላገይኝ አለቻት። ግን እሺ ብላለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ቄሱ ከመሀል፤ ከጎናቸው ነገር የሚያውቅ ጡረተኛ፤ ሌላው ራሱን የሚነቀንቅ ብቻ። ደራሲው በርጩማ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ። እናቴ ጥጉ ላይ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተቀመጠች። እህቴ ጓዳ ናት፤ ከመጋረጃው ሥር እግሯ ይታያል።

ጡረተኛው ጠየቀ፤ ደራሲው መለሰ። ሴትዮዋ ፈጠራ ናት። እኒህ እናት ዝምተኛ፣ ከሰው የማይደርሱ ናቸው። ውሃ የማሸከሙ ነገር ለሳቅ የገባ ነው። ቄሱ ፊታቸው እየተፈታ መጣ። እናቴ አልተነቃነቀችም። አለቀ ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ጡረተኛው ፈገግ አለ። «ያቺስ? ባልዲ ያላነሳ የምትለዋ?»

«እሷም ከራሴ ናት» አለ ደራሲው።

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ሌላውን ውሰደው» አለችው። «ተሳዳቢ በለኝ፣ ወንድ አባራሪ በለኝ፣ ውሰደው። ይቺን ግን አልሰጥህም። ልጄን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የወጣሁ ቀን ነው ያልኳት።»

ከዚያ ነገረችን። ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ይህን አውቃለሁ፤ ሞቷል ከማለት በላይ ግን ተነስቶ አያውቅም። እሷ ያን ጊዜ ገና ለከተማው እንግዳ ነበረች፤ ጎረቤት አልለመደችም፣ እድር የላትም። ልጁ ታመመ፤ አባቴ ወጥቶ አልተመለሰም። ልጁ ሲሞትም ገና አልተመለሰም። የሚይዘው ወንድ ስታጣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕያው ልጅ ታቅፋ፣ ብቻዋን በእግሯ ወሰደችው። ጉድጓድ ቆፋሪው እጇ ላይ ያለውን አይቶ፣ ወንድ የለም ወይ ብሎ ጠየቃት። ለዚያ ሰው የመለሰችው መልስ ነው። አንድ ባልዲ አንስቶልኝ አያውቅም፤ ባልዲ ያላነሳ ሬሳ አያነሳም።

አገር በሙሉ በየእሑዱ የሳቀው በዚህ ነው።

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ። ከመጋረጃው ሥር ያለው እግር ዞሮ ሄደ። ደራሲው ቀስ ብሎ፣ በጣም በትሕትና ጠየቃት።

«እማማ፣ የስንት ወር ነበር?»

«ስምንት» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ነግረን እንመጣለን ብለው እህል ሳይቀምሱ ወጡ። አክስቲቱ የላከችው መልስ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። በልቅሶ የሚጀመር ሰርግ አልደግስም።

ቀረ። ጎሚስታው መምጣት አቆመ፤ በአደባባዩ ሳልፍ ጎማው ውስጥ አንገቱን ይቀብራል። አልፈረድኩበትም፤ አልማርኩትምም። እህቴ ሥራ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ትበላለች። እናቴን አንድ ቃል አልተናገረቻትም፣ ክፉም ደግም። እናቴም ከዶሮዎቹ ጋር መጣላት ተወች። ግቢው እንዲያ ጸጥ ሲል ተከራዮቹ ተጨነቁ፤ አሟቸው ነው ወይ ይሉኝ ነበር። እኔ ብሎኬቴን እመታለሁ። ያን ወቅት ሳስበው ሲሚንቶ ነው የሚታየኝ፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

ጥቂት እሑዶች አለፉ። አንድ ቀን የሬዲዮዋ ሴትዮ መሳደቧን አቆመችና ስለሞተ ልጇ ማውራት ጀመረች። ከኋላ ክራር ገባ። ነጠላው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ጉድጓድ ቆፋሪው አለ። የሞተችው ግን ሴት ልጅ ናት። አፍ የፈታች፣ ስም ያላት፣ ከመሞቷ በፊት በቀጭን ድምፅ «እማዬ፣ ውሃ» የምትል። ግቢያችን ውስጥ ያላለቀሰ የለም። እናቴ የያዘችውን ምስር አስቀመጠች፤ ሬዲዮውን አየችው፤ መልሳ አነሳችው።

በማግስቱ ቦኖ ላይ ሴቶቹ ጉልበቷን ሊስሙ ወደቁ። ከፊት ይግቡ ብለው ወረፋ ለቀቁላት። ከኋላ ቆመች።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ ያው ሦስቱ። ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። ጡረተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እሜቴ፣ አክስቲቱ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። ይቅርታ ጠይቁልኝ፣ ልጅቱን ለምኑልኝ ብላለች።»

ምን ሰምታ ነው አልኩት።

«ድራማውን ነዋ።»

«እናቴ እዚሁ ተቀምጣ ስትናገር ሰምታችሁ አልነበረም? አልነገራችኋትም?»

«ነግረናታል» አለ። ተንኮል አልነበረበትም፤ ከልቡ ነው። «ግን እንደሱ አድርጎ ማን ይነግራል፣ ልጄ?»

 

እህቴ ከጓዳ ወጣች። ሁሉም እሷን አየ። እህቴ እናታችንን አየች፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞራ አንገቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው። ምን ትበል? ልጁን ትወደዋለች።

ቄሱ ወደ እናቴ ዞረው፣ እርስዎስ ምን ይላሉ አሏት።

«ልጅቱን ውሰዱ» አለች እናቴ። «የሞተው ግን ወንድ ነበር።»

ጡረተኛው አልገባውም። «እንዴት አሉ?»

«ወንድ ነበር።»

«እሺ፣ እሜቴ። ነፍስ ይማር» አለና ለምርቃቱ ተነሳ። ሁላችንም ተነሳን።

ሰርጉ ተደገሰ። ጎሚስታው በሰርጉ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ሳይለብስ በፊት ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ግቢያችን ገባ። ሚዜዎቹም እንግዳውም በሳቅ ሞቱ፤ በድራማው መቀለዱ መስሏቸው ነው። ልጁ ግን አልሳቀም። ጀሪካኖቹን እናቴ እግር ሥር አስቀምጦ ተመለሰ። አክስቲቱ እናቴን አቅፋ እየዞረች ለእንግዳ ስታስተዋውቃት ዋለች፤ በሬዲዮው ስም። እናቴ አቤት ትላለች።

መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የልጁ ሞት ያለበት ገጽ ለመድረስ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ክራሩ የለም፤ የቀረው ሁሉ አለ። ልጅቷ ውሃ ትጠይቃለች፣ ትሞታለች። አስተካክሎት ይሆናል ብዬ ነበር፤ የስምንት ወሩን ልጅ ፈለግኩት። የለም። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሼ ያንን ደቃቅ ጽሑፍ እንደገና አነበብኩት፤ አሁን ጣቴ አላስፈለገኝም። ስለ እናቴ ውሸት ነው። ስለ ልጅቷ ግን እውነቱን ነው፤ እንደዚያች ያለች ልጅ በእኛ ቤት አልሞተችም።