ጋሽ ኃይሌ ሰሌዳው ላይ ሲገቡ

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ጅማ

ሚኒባሱ ሊነሳ ነው። ጭኔ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ኮምፒውተር አቅፌያለሁ። ሾፌሩ ከማል ገለጥ አድርጎ አየና «ሕፃን መስሎኝ ነበር፤ ይሄማ የወንበር ይከፍላል» አለኝ። ከፈልኩለት፤ ምን አደርጋለሁ።

ውስጡ ያለው ሁለት ዓመት የለፋሁበት የጋራ ሰሌዳ ነው። የአንድ ቢሮ ሰዎች በየክፍላቸው ሆነው አንድ ሰሌዳ ላይ አብረው ይጽፋሉ፣ ይስላሉ፤ የእያንዳንዱም የማውስ ቀስት የባለቤቱን ስም ይዞ ይታያል። ሁሉ ነገር እዚያው ቢሮ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት ቢጠፋም ግድ የለውም። ኢንተርኔታችን ደግሞ መጥፋት ያውቅበታል። ለዚህ ስል ማስተማር ትቻለሁ። ባለቤቴ ግን ቁርጡን ነግራኛለች፤ ከቦንጋ የርክክብ ደብዳቤ ካልያዝኩ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጠመኔዬ ነኝ።

3 ሰዓት፣ ቦንጋ

ጭጋግ፣ ጫካ፣ ዳገት። ትኩስ ዳቦ በጫካ ማር በላሁና በባጃጅ ወደ ቡና ችግኝ ቢሮው። ኃላፊው ጋሽ ኃይሌ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ልጆቼ አንድ ለአምስት ተደራጅተዋል» አሉኝ። «የችግኝ እደላውን በዚህ ያቅዱና፣ ከሠራ እፈርማለሁ።»

ኮምፒውተሬን ከየክፍሉ ኮምፒውተሮች ጋር በሽቦ አያያዝኩ፤ አምስቱ ሠራተኞች በየክፍላቸው ሆነው ሰሌዳው ላይ ገቡ። ሰሌዳው ሞቀ። «መጀመሪያ ለደካ ቀበሌ»፣ «ለዋጫ መኪና የለም»፣ ቀስት በቀስት ላይ ይርመሰመሳል።

ከዚያ ጋሽ ኃይሌ ከክፍላቸው ሆነው ገቡ። አምስቱም ቀስቶች ሽው ብለው ጥግ ያዙ። ጸጥ። እሳቸው ሲወጡ ተመለሱ። ሲገቡ፣ አሁንም ጥግ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እኔ ስገባ ይቆማል» አሉኝ።

እስከ ምሳ ሽቦ ስነቅል ስሰካ ቆየሁ። ሲያቅተኝ የእቅድ ባለሙያዋን አስቴርን ጠየቅኳት።

«ቀስትሽን ማነው ወደ ጥግ የሚገፋብሽ?»

«ራሴ ነኛ። ጋሽ ኃይሌ ሲገቡ ተጎልቼ ልጠብቃቸው? ኖር ብዬ ተነስቼላቸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስሽም?»

«በእግዜር አላሉንማ።»

ረቡዕ፣ ቦንጋ

ጠዋት አንድ ቁልፍ ጨመርኩ። ጋሽ ኃይሌ ሲጫኑት ሰሌዳው ላይ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» የሚል በትልቁ ይወጣል። ገቡ፤ ቀስቶቹ ተነሱ፤ ተጫኑት፤ ተመለሱ። ከምሳ በፊት የደካም የዋጫም መኪና ተመደበ። ጋሽ ኃይሌ ቁልፉን ከመውደዳቸው የተነሳ ማንም ሳይነሳ ሁሉ ይጫኑታል። ፈረሙልኝ፣ ማኅተሙንም አሳረፉበት።

8 ሰዓት ላይ ባጃጁ ውጭ እየጠበቀኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላረጋግጥ ብዬ በራሴ ስም ሰሌዳው ላይ ገባሁ። አምስቱ ቀስቶች ተነሱልኝ። ጥጉ ላይ ስድስተኛም አለ፤ የጋሽ ኃይሌ። ምን እደብቃለሁ፣ እንባዬ መጣ። ቁልፉን ግን የሠራሁት ለእሳቸው ብቻ ነው። ሥራ አስቁሜ አልሄድ ነገር፣ በየክፍሉ እየዞርኩ በቃሌ «በእግዜር» አልኩ። በር በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ ከወንበራቸው ተነሱ።

12 ሰዓት፣ ጅማ

ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አዘጋጅታለች። ደብዳቤውን ሰጠኋት። እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበበችና ብድግ አለች።

«በእግዜር» አልኳት።