ያልመጣ ዓመት የተጻፈበት መሸኛ

ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ "እጅሽን ታጠቢ" የሚል ነበር። ጋሽ በቀለ ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ የነበራቸው የቀድሞ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው፤ ላብ ያለበት እጅ ቦርድ ይገድላል ብለው ያምናሉ። ታጥቤ ስመለስ አንድ የኮምፒዩተር ሣጥን ፊቴ አስቀመጡ።

"ማሽን ሲመጣልሽ መጀመሪያ ምን ታያለሽ?"

"ፓወሩን።"

"ሰዓቱን! ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ከቀረ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። ቀይሪያት፣ ሰዓቱን አስተካክይ፣ ከዚያ ሌላውን ታያለሽ።"

ይህን ትእዛዝ እንደ ውዳሴ ማርያም ደገምኩት። ከልጅነቴ ፈሪ ነኝ። ሰማያዊው የብልሽት ገጽ ስክሪን ላይ በመጣ ቁጥር እጄን ከማሽኑ አነሳለሁ። ፈሪ ሰው ደግሞ ለትእዛዝ ይመቻል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ሦስተኛ ዓመቴን ስይዝ ጋሽ በቀለ ብቻዬን መስክ ይልኩኝ ጀመር። ጥር ውስጥ፣ አንድ ሰኞ፣ ከጅማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ የቡና ከተማ ውስጥ ወዳለ የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ሥራው ቀላል ነበር፦ አንቲቫይረስ መጫን።

የማሽኑ ኃላፊ አቶ ተማም ናቸው። ስልሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። ኮምፒዩተሩን ባለቤታቸው የጠለፉትን ጨርቅ ያለብሱታል። ቡና የጫነ መኪና ሁሉ መሸኛ የሚቆረጥለት በዚያ ማሽን ነው። መሸኛው የቡናውን ዓይነት፣ የታጠበበትን ጣቢያና የኬሻውን ብዛት የያዘ ወረቀት ነው፤ ያለ እሱ ኬላ አይታለፍም። ጨርቁን አጥፈው ማሽኑን በክብር አስረከቡኝና ለዙህር፣ ለቀትር ሶላት ወጡ።

አንቲቫይረሱ አልጫንም አለ። ቀኑን አየሁት። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ወሩም ሰዓቱም የተዘበራረቀ። ሣጥኑን ከፍቼ ባትሪዋን ለካሁ። ደህና ናት። ባትሪዋ ደህና ከሆነች ቀኑን ማን ወደ ኋላ ወሰደው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ቀኑንና ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ አንቲቫይረሱ ተጫነ፣ አቶ ተማም ሳይመለሱ ለዘበኛው ተናግሬ ወደ ሚኒባሴ ሮጥኩ። እዚያ በተውኩት የሥራ ካርድ ላይ የጻፍኩት "አንቲቫይረስ ተጭኗል" የሚል ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ ስልክ ተደወለ። ጋሽ በቀለ መነጋገሪያውን ሲያስቀምጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"እዚያ ማሽን ላይ ምን አድርገሽ ነው የመጣሽው?"

"አንቲቫይረስ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም" አልኩ። እውነት መስሎኝ ነበር።

ስደርስ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። አቶ ተማም ከማሽናቸው ርቀው ግድግዳ ሥር ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጄ ይንጎራደዳሉ። ሦስተኛው የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማንነቱን አይጠይቁትም፤ ወንበር ያቀርቡለታል።

አቶ ደረጄ ነገሩን ነገሩኝ። ማክሰኞ ጠዋት አቶ ተማም ለሁለት መኪና መሸኛ ቆረጡ። ረቡዕ ሁለቱም ከአሰንዳቦ ወዲህ ባለ ኬላ ተያዙ። ፈታሹ ወረቀቱን አገላብጦ "ይሄ ገና ያልመጣ ዓመት ነው ያለበት፣ ፎርጅድ ነው" አለ። እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት መዝገቡ ይከፈት ሲባል ደግሞ የመሸኛው ፕሮግራም አልከፈት አለ። ከፕሮግራሙ አንድ ፋይል ጠፍቷል።

"ማስረጃ ነው ያጠፋው" አለ ባለ ጃኬቱ፣ አቶ ተማምን ሳያይ። "እስከ ስምንት ሰዓት ካልተከፈተ ሰውየውን ይዤ ነው የምሄደው።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አራት ተኩል ነው።

"መጨረሻ የነካው ማነው?" አሉ አቶ ደረጄ።

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ ተማም። ወደ እኔ አልተመለከቱም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

የጠፋውን ፋይል የበላው የእኔው አንቲቫይረስ ነበር። የራሱ መዝገብ ላይ አገኘሁት፤ ማክሰኞ ቀትር ላይ ቫይረስ መስሎት ሰርዞታል። የፕሮግራሙ ሲዲ ያለው አዲስ አበባ ነው። የቀረኝ ሲስተም ሪስቶር ብቻ ነበር። ይህ ማሽኑን ደህና ወደነበረበት ቀን የሚመልስ ነገር ነው፤ የጠፋ የፕሮግራም ፋይልም አብሮ ይመለሳል፣ ሰው የመዘገበውን ግን አይነካም። ሲከፈት የቀን መቁጠሪያ ያሳያል፣ መመለስ የሚቻልባቸው ቀናት ደምቀው ይጻፋሉ።

የደመቀው አንድ ቀን ብቻ ነው። ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ።

ሞከርኩት። ማሽኑ ተዘግቶ ተከፈተ፣ ያው በሽተኛው ማሽን መጣ። ማሽኑ በጥቂት ፕሮግራም ብቻ በሚነሳበት በሴፍ ሞድ ገባሁ፤ ያው አንድ ቀን። ወሩን ወደ ኋላ ልገፋው ሞከርኩ፤ አልገፋም። ዓመታት ያገለገለ ማሽን ከማክሰኞ በፊት አንድም ደህና ቀን እንዴት አይኖረውም?

ያኔ ገባኝ። ስምንት ዓመት የእኛና የፈረንጅ ዘመን ልዩነት ነው። ደህናዎቹ ቀናት አሉ፣ ግን እኔ ሰኞ ባስተካከልኩት ቀን ስምንት ዓመት አርጅተዋል። ይህ ሪስቶር የሚሉት ነገር ደግሞ ሦስት ወር ያለፈውን፣ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ጠብቆ፣ ራሱ ይጠርጋል። ተጠርገው ከሆነ አለቀ።

የማላውቀው አንድ ነገር ነው፦ ቀኑ ከእኔ በፊት በትክክል ስንት ነበር? ዝም ብዬ ወደ ኋላ ብገፋውና ብሳሳት ያሉትንም አስጠርጋለሁ። ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"አቶ ተማም፣ ቀኑን እርስዎ ነበሩ የሚሞሉት?"

ባለ ጃኬቱ አንገቱን ቀና አደረገ። እንደገና ጠየቅኳቸው። ባለ ጃኬቱን አየት አድርገው አቀረቀሩ። እሳቸው ላይ አልፈርድም። የመሸኛ ቀን አጭበርብረሃል ተብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ቀኑን በእጄ እሞላ ነበር ብሎ እንዴት ይናገር? ሦስተኛ ብጠይቃቸውም እንደማይመልሱ ገባኝ። ግድግዳው ላይ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ተቀምጬም መናገር እችል ነበር።

"መጨረሻ የነካሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሰኞ ዕለት ቀኑን ወደ ፈረንጅ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ፋይሉንም የበላው እኔ የጫንኩት ነው።"

ባለ ጃኬቱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። "ስም?" አለ። ነገርኩት። "የአባት?" ነገርኩት። "መኖሪያ?" በቾ ቦሬ አልኩ፣ እናቴ በሩን ስትከፍትለት እየታየኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አላፍርበትም።

አቶ ተማም ያኔ ቀና አሉ።

"ኢንታሎ፣ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ለሁሉም ተናገሩ። "ወላሂ፣ በእኛ ነው የምሞላው። ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ሰዓቱንም። ድሮ በፈረንጅ የወጣ አንድ መሸኛ ኬላ ላይ መኪና አሳድሮብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት እያልኩ እሞላለሁ። የማሽኑ ሁለተኛ ወር አጭር ስለሆነ ጥቅምት ላይ ሁለት ቀን ይሰርቀኛል፣ እመልሳለሁ። ጥር አምስተኛው ወር ነው።"

"ማሽኑ ከማክሰኞ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ተከፍቶ ውሏል?"

"የለም! እምቢ ሲለኝ ፈርቼ ከሶኬቱ ነቀልኩት፣ ጨርቁን አለበስኩት። ረቡዕም ሞክረው ወዲያው ነቀልኩት።"

ዓመቱን ወደ እኛ መለስኩ። ወሩን አምስተኛው ላይ፣ ቀኑን የዕለቱ ላይ አደረግሁ። ሪስቶሩን ከፈትኩ። ራሱ ላይ ሜይ የሚል፣ ለአቶ ተማም ግን ጥር የሆነ ገጽ መጣ፤ ቀናቱ ደምቀው ተደርድረዋል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ያለውን የመጨረሻውን ደማቅ ቀን መረጥኩ። ማሽኑ ራሱን ዘግቶ እስኪከፍት ያለው ጊዜ አላልቅ አለ። አቶ ተማም "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ፣ እኔም በሆዴ እመቤቴን እጠራለሁ።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። የሁለቱ መኪናዎች የኬሻ ብዛትና የጣቢያ ስም ከተያዙት ወረቀቶች ጋር አንድ በአንድ ተመሳከረ። ገጠመ። ባለ ጃኬቱ ደብተሩን ከተተ፤ ስሜን ግን አልቀደደውም። ከዚያ በኋላ ለስንት ወር በራችን ሲንኳኳ እንደደነገጥኩ እኔና እናቴ ነን የምናውቀው። ማንም አልመጣም። ማኅበሩም ዳግመኛ ሱቃችንን አልጠራም።

ስወጣ አቶ ተማም እስከ በር ሸኙኝ። "እኔም ወረቀት መለጠፍ ነበረብኝ" አሉ፣ "'ቀኑን አትንኩ' ብዬ።" ከዚያ ሮጥ ሮጥ ብለው ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

ጋሽ በቀለ ሁለት ሳምንት አላናገሩኝም። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ የሥራ ካርድ አሳትመው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከታች አንድ መስመር ተጨምሯል፦ "የነካሁት"። ከሥሩ የስም ቦታ አለ። ከሱቁ እስክወጣ በዚያ ካርድ ሠራሁ።

የተሳሳተ የመሰላችሁን ከማረማችሁ በፊት ያደረገውን ሰው ጠይቁ። ካረማችሁም ጻፉት። ሰኞ ዕለት ካርዱ ላይ "ቀን ተቀይሯል" የሚል ሁለት ቃል ብጽፍ ኖሮ፣ አቶ ተማም ሐሙስን ግድግዳ ሥር አይቀመጡም ነበር።