አባ ሙሜ ያዳፈኑት ፍም

ልጅ ሳለሁ፣ ጭሮን ብዙ ሰው ገና አሰበ ተፈሪ እያለ በሚጠራበት ጊዜ፣ እናቴ ከጎረቤታችን ከአባ ሙሜ ጋር ጫት ታስር ነበር። ያኔ አመሻሽ ላይ መኪናው ጭኖ ሲሄድ እርጥብ ቅጠል የሚሸተው ዳስ ጸጥ ይላል፤ አባ ሙሜም ኩራዙን አጠገባቸው አድርገው፣ ምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ ተረት ይጀምሩልናል።

ተረታቸው አንድ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አንዲት የቦኬ ሴት ነበረች፤ ባሏ ግመል እየነዳ ወደ አሰቦት ቆላ ወርዶ ቀረባት። ሴትየዋ ማታ ማታ ፍሟን አመድ አልብሳ ታዳፍናለች፤ ጠዋት ገልጣ እፍ ስትለው እሳቱ ይነሳል። በቃ። ጅብ የለበት፣ ንጉሥ የለበት። እኔ ግን የሰውዬው ነገር እያንገበገበኝ ሁልጊዜ «መጣ ወይ፣ አባ ሙሜ?» እላቸዋለሁ። እሳቸው ልክ እንደ ሴትየዋ ፍሙን በአመድ ይሸፍኑና ለኢሻ ሶላት ተነስተው ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ዞር ሲሉልኝ፣ ፍሙ መኖሩን ልይ ብዬ አመዱን በእንጨት ገለጥ አደረግሁት። ሸፈንኩት፤ አላስችል ብሎኝ ደግሜ ገለጥኩት። ጠዋት አመድ ብቻ ሆኖ አገኙት። አልተቆጡኝም። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቶሎ ቶሎ ከገለጥሽው ያልቃል» አሉኝና ከጎረቤት እሳት ሊጭሩ ሄዱ።

እውነቱን የነገሩኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሴትየዋ እናታቸው ነበረች። «አባቴማ አልመጣም» አሉኝ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ረጋ ብለው። «በዚያ እሳት ግን እኔ ቁርሴን በላሁ።» ያኔ አልገባኝም። እንዲያውም ተናደድኩ፤ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ተረት በቁርስ አለቀ።

ዘንድሮ የበኩር ልጄ በቦርደዴ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ሊሻገር ከቤት ወጣ። ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ድምፁን አልሰማሁም። ደክሞኛል። መጸለዩም፣ «አይዞሽ» ሲሉኝ ራሴን መነቅነቁም ደክሞኛል። ስልኬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ። ትናንት አመሻሽ ላይ እንዲሁ ስከፍት ስዘጋ ትንሿ እህቱ በሩ ላይ ቆማ «እማዬ፣ ዛሬም እራት የለም?» አለችኝ። ዛሬም ነው ያለችው።

ልቤ አረፈ ብል ውሸት ነው። ግን ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩና ተነሳሁ፤ ከሰል አያያዝኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። ልጅቷ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እሳቱን እያየች፣ «ወንድሜ ይመጣል ወይ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አባ ሙሜን ያን ያህል ጊዜ ስጠይቅ ያመለጠኝ መልስ እሱ ብቻ ነበር። ከበላን በኋላ የተረፈውን ፍም አመድ አለበስኩትና ተኛን።

ዛሬ ጠዋት ስገልጠው ቀይ ነበር። ልጄ ቁርሷን በልታ ትምህርት ቤት ሄደች።